የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ፦ በአቅም፣ ግን የተሟላ

መኖ ሲወደድ ብዙ አርቢዎች በቆሎ ብቻ ይሰጣሉ። በቆሎ ጥሩ የኃይል ምንጭ ነው፤ ፕሮቲኑ ግን ከ10 በመቶ በታች ነው። ጣይ ዶሮ ደግሞ ከ16 እስከ 18 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ትፈልጋለች። ጉድለቱ በእንቁላሉ ላይ ይታያል።

ታዲያ በምን እንሙላው? ከዘይት መጭመቂያ የሚወጣው የኑግ ፋጉሎ አንዱ መፍትሔ ነው። ቃጫው ስለሚበዛ ግን ብቻውን አይበቃም። ከበቆሎ፣ ከስንዴ ፉርሽካና ከተቆላ አኩሪ አተር ጋር ይደባለቅ። አኩሪ አተር በጥሬው አይሰጥም፤ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ንጥረ ነገር አለበት።

ለጠንካራ ቅርፊት ካልሲየም ያስፈልጋል፤ ከመኖው ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ያህል። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ወይም ተቀቅሎ፣ ደርቆ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ይጠቅማል። እንቁላል ላልጀመሩ ቄቦች ግን ይህን ያህል ካልሲየም አትስጡ፤ ኩላሊታቸውን ይጎዳል።

የሻገተ እህል በርካሽ ቢገኝም አትግዙ። አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ጉበት ይጎዳል፣ እንቁላል ይቀንሳል። ንጹሕ ውኃም ከዶሮዎቹ ፊት አይጥፋ። መኖ ስትገዙ የኩንታሉን ዋጋ ብቻ አትዩ፤ የፕሮቲኑን መጠንም ጠይቁ። ያተረፋችሁት በእንቁላሉ ይታወቃልና።