የታሰረ እንስሳ ደስ ብሎት ይኖራልን?



የሳይንስ መምህር አንድ ትንሽ እንስሳ በሽቦ ጎጆ አድርጎ ወደ ክፍል ባስገባ ጊዜ፣ ተማሪዎቹ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ጥርሱ ወይም ስለ አጥንቱ አይደለም። «ይኸ እንስሳ እዚህ ውስጥ ደስ ይለዋል?» ይላሉ። ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሊቃውንት የደከሙበት ጥያቄ ነው። መምህሩም አብዛኛውን ጊዜ «ይበላል፣ ይጠጣል፤ ታዲያ ምን ጎደለበት?» ብሎ ያልፈዋል። የዛሬው ንግግር ይህ መልስ ይበቃ እንደ ሆነ ይመረምራል፤ ምስክሮቹንም በተለይ ከካርቱም ከተማ ይጠራል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ በሬና በቅሎ፣ ውሻና ዶሮ ከዚህ ጥያቄ ይወጣሉ። እነዚህ ወይም አባቶቻቸው ከሰው ጋራ በሺሕ የሚቆጠር ዓመት ኖረዋል፤ ጠባያቸውም ከሰው ደጅ ጋራ ተዋሕዷል። ጥያቄው የሚከብደው ትናንት ከዱር በመጡት ላይ ነው። ከነዚህም አንዱ ሃምስተር የሚባለው፣ ጭራው አጭር፣ በጉንጮቹ ውስጥ እህል የሚሸከምባቸው ከረጢቶች ያሉት፣ አይጥ መሰል እንስሳ ነው። በ1930 እስራኤል አሃሮኒ የተባለ የእንስሳት ሊቅ በሶርያ አገር፣ በሐለብ ከተማ አጠገብ፣ ከስንዴ እርሻ ውስጥ አንዲት እናት ከ11 ግልገሎችዋ ጋራ አስቆፍሮ አወጣ። እናቲቱም ከተያዘች በኋላ ከልጆችዋ አንዱን ነክሳ ገደለችው። ዛሬ በብዙ አገር በልጆች መኝታ ቤትና በትምህርት ቤት የሚያድጉት ወርቃማ ሃምስተሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚያ ቤተሰብ ከተረፉት ጥቂቶች የተወለዱ ናቸው። እንግዲህ በሰው እጅ ከገባ ገና መቶ ዓመት ያልሞላው እንስሳ ነው፤ ጉድጓድ መቆፈሩን፣ ብቻውን መኖሩን፣ እህል ማከማቸቱን አልረሳም።

እንስሳ ስለማይናገር፣ ደስታውን የሚያውቅ ማን ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው እውነትነት አለው። ነገር ግን አፍ ያልፈታ ሕፃንም አይናገርም፤ እናቱ ግን ከሁኔታው ታውቃለች። ሊቃውንቱም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በስዊስ አገር፣ በበርን ዩኒቨርሲቲ፣ ሃምስተሮችን በሦስት ከፍለው ለአንዱ ወገን 10 ሳንቲ ሜትር፣ ለሁለተኛው 40፣ ለሦስተኛው 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉዝጓዝ አነጠፉላቸው፤ ውጤቱም በ2006 ታተመ። ጉዝጓዛቸው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሆነው ሽቦውን እጅግ ያኝኩ ነበር፤ 80 ሳንቲ ሜትር የተነጠፈላቸው ግን ጉድጓዳቸውን ቆፍረው ተቀመጡ፣ ሽቦም ሲነክሱ አንድ ጊዜ እንኳ አልታዩም። ምግቡ ያው ነበረ፤ ልዩነቱ በሥራው ነው። አንደኛው የተፈጠረበትን ሥራ አገኘ፤ ሌላው ተከለከለ።

በ2015 ደግሞ በእንግሊዝ አገር፣ በሊቨርፑል፣ የበለጠ ብልሃት ያለው ፈተና ወጣ። ሃምስተሮቹ በአንድ ቦታ ጣፋጭ ውኃ፣ በሌላው ቦታ መራራ ውኃ እንዳለ ተማሩ። ቀጥሎ መጠጫው በሁለቱ መካከል ባሉ አጠራጣሪ ቦታዎች ተደረገ። ጎጆአቸው በመደበቂያና በመጫወቻ የተሟላላቸው ጊዜ «ጣፋጭ ይሆናል» ብለው የተጠጉ ያህል፣ ከልኩ መካከል ፈቀቅ ወዳሉት አጠራጣሪ ቦታዎች አዘውትረው ቀረቡ፤ ይህ በተወሰደባቸው ጊዜ ግን መቅረባቸው ቀነሰ። ይህን ተስፋ ብሎ መጥራት ድፍረት ቢሆንም፣ ሌላ የሚስማማ ስም ማግኘት ያስቸግራል።

መሮጫ መሽከርከሪያውንም የእስር ምልክት ነው የሚሉ አሉ። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈረድም፤ በሆላንድ አገር መሽከርከሪያ በሜዳ ላይ ቢተው፣ ማንም ያላሰራቸው የዱር አይጦች እየመጡ በገዛ ፈቃዳቸው ሮጡበት፤ ይህም በ2014 ተጽፎ ወጣ። ስለዚህ እስር ሁሉ ሥቃይ ነው ማለት አይቻልም። በሰፊ ቦታ፣ በጥልቅ ጉዝጓዝ፣ ያለ ባልንጀራ ጠብ የሚኖር ሃምስተር፣ ጉጉትና ጭልፊት ከሚያድኑት የእርሻ ወንድሙ የባሰ ይኖራል ብሎ ለመማል ማስረጃ የለም።

ይሁንና በዚህ ሁሉ ፈተና ውስጥ አንድ ነገር አልተፈተነም፤ ምግቡን የሚያመጣው ሰው ቢቀርስ? ይህን የምታስረዳው ካርቱም ናት።

በካርቱም ከተማ አል ቁረሺ በሚባለው የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ አምስት አንበሶች ነበሩ። በጃንዋሪ 2020 የጎድን አጥንታቸው አንድ በአንድ የሚቆጠር ሆነው የተነሡት ፎቶግራፍ በዓለም ሁሉ ታየ። ሱዳን በዚያ ጊዜ የውጭ ምንዛሪ ያጠራት፣ የምግብ ዋጋ የናረባት አገር ነበረች፤ ሠራተኞቹም አንዳንድ ጊዜ ከገዛ ኪሳቸው ሥጋ ይገዙ ነበር። ከአምስቱ አንዲት እንስት አንበሳ ሞተች። ከዚያ በኋላ የሱዳን በጎ ፈቃደኞችና ፎር ፖዝ የተባለው የእንስሳት ረድኤት ማኅበር፣ ከሐኪሙ ከዶክተር አሚር ኸሊል ጋራ፣ የቀሩትን ማከምና መመገብ ጀመሩ። ከዳኑትም አንዲቱ ከካርቱም በስተደቡብ ባለው በአል ባገር መጠለያ ካንዳካ ተብላ፣ በጥንቱ የኩሽ ንግሥቶች ማዕርግ ስም ተጠራች። በዚያ ሥጋ ለብሳ የታየችበት ፎቶግራፍ ከቀድሞው ጋራ ሲተያይ፣ አንድ አንበሳ መሆንዋን ለማመን ያስቸግራል። ያው አንበሳ፣ ያው እስር፤ የተለወጠው ጠባቂው ነው።

የአዲስ አበባ ሰውም በዚህ ላይ ካርቱምን መውቀስ አይገባውም። በ1948 በስድስት ኪሎ በተቋቋመው የአንበሳ ግቢ፣ ቦታና ገንዘብ ስለ ጠበበ ግልገሎች በመርዝ እንደሚገደሉ በ2006 የግቢው ኃላፊ ራሱ ለጋዜጠኞች ነግሮአል።

ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ያለቀሰበት ሰውም ጥቂት ነው። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሱዳን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ለማስተማሪያና ለምርምር አንድ መቶ ያህል ሕያዋን እንስሳት ነበሩት፤ በቀቀን፣ ጦጣ፣ የበረሃ ኤሊ፣ ባለ ቀንድ እፉኝት፣ መርዙን የሚተፋ የኑብያ እባብ፣ የዓባይ አርጃኖም ነበረባቸው። እንደ መናፈሻው ያለ ቸልታ አልነበረበትም፤ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ይጠብቁት ነበር። በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በከተማይቱ ጦርነት ፈነዳ። ሙዚየሙ የቆመው በጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ ሰፈር አጠገብ ነበርና፣ ጠባቂዎቹ ሊደርሱበት አልቻሉም። ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ምግብም ውኃም የሚያቀርብ አልገባም። የመጋቢዎቹ ፍቅርም ሆነ ዕውቀት እንስሳቱን አልጠቀማቸውም፤ በሩ ከውጭ የተዘጋ ነበር።

እዚህ ላይ በክፍሉ ጥግ የሽቦ ጎጆ ያስቀመጠ መምህር ጥቂት ቆም ማለት አለበት። የዱር እንስሳ ይራባል፣ ይታመማል፣ ይበላልም፤ ነገር ግን በክፉ ቀን ተነሥቶ ይሄዳል። ሰው ሲያስረው የሚወስድበት በመጀመሪያ ይህንን ነው፤ ደስታውን ሳይሆን መሄጃውን። ስለዚህ «ደስ ይለዋል?» የሚለው የተማሪ ጥያቄ፣ «ጉዝጓዙ ምን ያህል ይጠልቃል?» ከሚለው በተጨማሪ ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ ይኸውም በክረምቱ ዕረፍት፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ዘበኛው ብቻ ሲቀር፣ ቁልፉ በማን እጅ ነው? መምህሩ ወደ ሌላ አውራጃ ቢዛወር ተረካቢው ማን ነው? የንብረት መዝገብ ለወንበርና ለካርታ ተረካቢ ይጽፋል፤ ለሕያው ፍጡር ግን የሚጽፍለት ቢፈለግ አይገኝም። ይህን የሚመልስ ስም ከሌለ፣ ያ ክፍል አይጥ መሰሉን እንስሳ በሥዕል ቢያጠናው ይሻላል።

የአል ባገር መጠለያም ከጦርነቱ አላመለጠም። አንበሶቹና ሌሎቹ እንስሳት ከተኩሱ መካከል ወጥተው በኖቬምበር 2023 ወደ ገዚራ፣ ዋድ መዳኒ አጠገብ ወዳለው ወደ ኡም ባሮና ተጋዙ፤ በዲሴምበር ጦርነቱ ዋድ መዳኒ ገባ። የሙዚየሙ አርጃኖ ወገኖች ግን፣ ማንም ሳይመግባቸው፣ በዓባይ ዳር በቄጠማው ውስጥ እንቁላልና ዓሣ ሲፈልጉ ይውላሉ።