የትምህርት ቤቱ ሕንፃ የማን ነው?



በየመሥሪያ ቤቱ በጀት የምታዘጋጁና የምትቈጣጠሩ ሁሉ፣ መደበኛ ወጪና የካፒታል ወጪ የተለያዩ መሆናቸውን ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። ደመወዝ፣ ወረቀትና ቀለም፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብ ከአንደኛው ይከፈላሉ፤ ግንብና ጣራ፣ መንገድና ድልድይ ደግሞ ከሁለተኛው ይሠራሉ። ለአንድ መሥሪያ ቤት መደበኛ ወጪው ተፈቅዶለት፣ የሚሠራበት ቤት ግን ባይሰጠው ኃላፊው ምን ያደርጋል? ከደመወዙና ከወረቀቱ ገንዘብ ቀንሶ ቤት ይከራያል። ዛሬ የምነግራችሁም ይህ ነገር በአሜሪካ አገር በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ላይ እንዴት እንደ ደረሰ፣ መፍትሔ ሲፈለግለትም ምን ሌላ ጥያቄ እንደ ተነሣ ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በአሜሪካ «ቻርተር» የሚባሉት ትምህርት ቤቶች በሕዝብ ገንዘብ የሚሠሩ፣ ከተማሪ ክፍያ የማይጠይቁ ናቸው። ነገር ግን እንደ ሌሎቹ በአካባቢው የትምህርት ቦርድ በቀጥታ አይተዳደሩም፤ የየራሳቸው ቦርድ አላቸው፤ ይህም ቦርድ ሕግ ሥልጣን ከሰጠው አካል ጋር ውል ይዋዋላል። ውሉ «ቻርተር» ስለሚባል ስማቸው ከዚሁ የወጣ ነው። ውሉን ያላከበረ፣ ተማሪዎቹን በሚገባ ያላስተማረ ወይም ገንዘቡን ያባከነ ትምህርት ቤት ውሉ ይሠረዝበታል፤ በሩም ይዘጋል። የአሜሪካ የመምህራን ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት አልበርት ሻንከር በ1988 ዓ.ም. አሳቡን በአደባባይ ደገፉ። የሚኒሶታ ግዛትም በ1991 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሕግ አወጣች፤ በተከታዩ ዓመት የመጀመሪያው የቻርተር ትምህርት ቤት በሴንት ፖል ከተማ ተከፈተ።

ሕግ አውጪዎቹ ያኔ ስለ መምህሩና ስለ ትምህርቱ ብዙ አሰቡ፤ ስለ ቤቱ ግን እምብዛም አላሰቡም። በዚያ አገር አንድ የአካባቢ ትምህርት ቦርድ ሕንፃ ለመሥራት ሲፈልግ፣ ብዙውን ጊዜ ነዋሪው ድምፅ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ ነዋሪው ሲፈቅድለት ቦንድ ሸጦ ገንዘብ ይበደራል፤ ዕዳውንም ከቤትና ከመሬት በሚሰበሰብ ግብር በብዙ ዓመታት ይከፍላል። የቻርተር ትምህርት ቤት ግን ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም። ለእያንዳንዱ ተማሪ ተቈጥሮ የሚሰጠው ገንዘብም በመሠረቱ ለማስተማር የታሰበ ነው።

አበዳሪውም ቢሆን የሚያመነታበት ምክንያት አለው። የትምህርት ቤቱ ውል በብዙ ስፍራ ለጥቂት ዓመታት ብቻ የሚጸና ሲሆን፣ የሕንፃ ብድር ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ይፈጃል። ከአምስት ዓመት በኋላ መኖሩ ላልተረጋገጠ ተበዳሪ ለሠላሳ ዓመት የሚያበድር ሰው ከፍ ያለ ወለድ ቢጠይቅ አያስደንቅም። ስለዚህ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ በቀድሞ መጋዘን ወይም በተዘጋ ሱቅ ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ከእናንተ መካከል በየወሩ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሁሉ፣ ኪራይ ከደመወዝ ላይ ሲነሣ ሌላው ጉዳይ እንዴት እንደሚጠብ ያውቃል። በትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው፤ የሚጠበው የመምህሩ ደመወዝ፣ ቤተ መጻሕፍቱና የልጆቹ መጫወቻ ሜዳ ነው።

ይህ ከታወቀ በኋላ ግዛቶቹ ልዩ ልዩ መንገድ ያዙ። ሚኒሶታ የኪራይ ድጎማ ፈቀደች፤ ድጎማውም ከኪራዩ 90 በመቶ ወይም በተማሪ መለኪያ 1,314 ዶላር፣ ከሁለቱ ያነሰው እንዲሆን ተደነገገ። የካሊፎርኒያ መራጮች በኅዳር 2000 ዓ.ም. ባጸደቁት ሕግ፣ የትምህርት ቤት ቦንድ ለማጽደቅ ያስፈልግ የነበረው የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ወደ 55 በመቶ ዝቅ አለ፤ የአካባቢ ቦርዶችም ቢያንስ 80 የአካባቢው ልጆች ለሚማሩበት የቻርተር ትምህርት ቤት ከሌሎቹ ጋር የሚመጣጠን ክፍል እንዲሰጡ ታዘዙ። በዋሽንግተን ከተማ ደግሞ ለሕንፃ ተብሎ ለየተማሪው በዓመት ከ3,000 ዶላር በላይ ይታሰባል። በዚያች ከተማ ከሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ የሚማሩት በቻርተር ትምህርት ቤቶች ነው። በከተማይቱና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፣ ጉዳዩ ከአማርኛ ተናጋሪ ወላጅ ደጃፍም የራቀ አይደለም።

ይሁን እንጂ የሌላውን ወገን ክርክር ሳይሰሙ መፍረድ አይገባም። ከነባሩ ትምህርት ቤት መቶ ልጆች ቢወጡ፣ ከእያንዳንዱ ክፍል ጥቂት ጥቂት ስለሚጐድል ክፍል አይዘጋም፤ ጣራውም በመቶ ልጅ ልክ አይጠብም። የሚያፈሰው ቧንቧ መጠገን አለበት፤ አስቀድሞ የተሸጠው ቦንድም ዕዳው መከፈል አለበት። ፍሎሪዳ በ2017 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ የአካባቢ ቦርዶች ለሕንፃ ከሚሰበስቡት የንብረት ግብር ለቻርተር ትምህርት ቤቶች እንዲያካፍሉ ባዘዘች ጊዜ፣ ቦርዶቹ ያሰሙት አቤቱታ ይኸው ነበር። በኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከተማው ለአዳዲስና በመስፋፋት ላይ ላሉ የቻርተር ትምህርት ቤቶች ቦታ እንዲሰጥ ወይም ኪራያቸውን እንዲደግፍ ተገደደ። በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ትምህርት ቤቶች ሲገቡ፣ የምግብ አዳራሹንና የስፖርት አዳራሹን በሰዓት መከፋፈል ግድ ይሆናል፤ ተራው የማይመቸው ወላጅም ያጕረመርማል።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን የባለቤትነት ጥያቄ ነው። ትምህርት ቤቱ በውል የቆመ ስለሆነ ሊዘጋ ይችላል፤ ሕንፃው ግን ይቀራል። ሕዝብ ለሃያ ዓመት ኪራይ ከከፈለበት በኋላ ቤቱ ለማን ይሆናል? ኒው ጀርሲ በ1995 ዓ.ም. ሕግዋ ከፌዴራሉ መንግሥት ከሚገኘው በቀር በሕዝብ ገንዘብ የቻርተር ትምህርት ቤት ሕንፃ እንዳይሠራ ከለከለች። ይህ ክልከላ የሕዝብን ገንዘብ ከግል ይዞታ ይጠብቃል፤ ልጁን ግን ከምድር ቤት አያወጣውም። በኦሃዮ የሆነው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። አሥር የቻርተር ትምህርት ቤቶች «ዋይት ሃት» ከተባለ አስተዳዳሪ ድርጅት ጋር ተዋውለው ነበር፤ በተለያዩ ጊዜ ድርጅቱ ለትምህርት ቤቶቹ ሥራ በሕዝብ ገንዘብ የገዛው ዕቃ የማን ነው ተብሎ ክርክር ተነሣ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 ዓ.ም. ውሉን መርምሮ፣ ዕቃው የድርጅቱ ነው፤ ትምህርት ቤቶቹ ከፈለጉት ገዝተው ይውሰዱት ሲል ፈረደ። ያ ክርክር ስለ ጠረጴዛና ስለ ኮምፒዩተር ነበር፤ በሕንፃ ላይ ቢደርስ ግን ጉዳቱ ምን ያህል በሆነ! «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቈረጣል» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ሞኝነቱም ገንዘቡን በመስጠት ሳይሆን ውሉን ሳያጠብቁ በመፈረም ነው።

እንግዲህ አድማጮች፣ በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ከያዙት እውነት አንዳንዱን መውሰድ ይገባል። የሕዝብ ልጅ በሕዝብ ገንዘብ የሚማር ከሆነ፣ የሚማርበት ቤት ከመምህሩ ደመወዝ ተቀንሶ ሊከራይለት አይገባም፤ ለሕንፃ ራሱን የቻለ ገንዘብ ይመደብለት። ነገር ግን የገንዘቡ ባለቤት ሕዝብ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የቤቱም የመጨረሻ ባለቤት ሕዝብ ይሁን። ይኸውም የሕዝብ ገንዘብ የገባበት ሕንፃ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ወደ ሕዝብ እንዲመለስ ከመጀመሪያው በሰነድ ይጻፍ። አዲስ ቤት ከመሥራት አስቀድሞ ባዶ የቆመ የመንግሥት ሕንፃ መኖሩ ይጣራ። አከራዩ ከትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪዎች ጋር የጥቅም ግንኙነት ካለው፣ ይህ ለሕዝብ ይገለጥ፤ የኪራዩንም ልክ ከሁለቱም ነፃ የሆነ ገማች ይወስን። የነባሩ ትምህርት ቤት የጥገና ገንዘብም አዲሱን ለማቋቋም ሲባል እንዳይነካ ይጠበቅ።

ይህ ሁሉ በአንድ ውል ውስጥ ሊጻፍ የሚችል ጥቂት አንቀጽ ነው። የበጀት ሰነድ የሚያዘጋጅ፣ ውል የሚያረቅና ፊርማ የሚያኖር ሰው እጅ ሥራው እዚህ ላይ ነው፤ አንዲት አንቀጽ ሳትጻፍ ብትቀር፣ ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ሙሉ ሕንፃ ከልጆች እጅ ወጥቶ ሊገኝ ይችላልና።