ሁለቱ ቤቶች

በእንጦጦ ቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ኢዮቤልዩ የሚለውን ቃል ዛሬ ብዙ ጊዜ ሰማነው። በኦሪት ሥርዓት ኢዮቤልዩ 50ኛው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ዳሩ ግን መለከት ስለ ተነፋ ብቻ ኢዮቤልዩ ሆነ አይባልም። ከድህነት የተነሣ ራሱን የሸጠው ሰው ነጻ ሲወጣ፣ ርስቱን ያጣውም ወደ ርስቱ ሲመለስ ነው እንጂ። እኛም ዛሬ ከበሮ መታን፣ ጸናጽል አሰማን፣ በእልልታ አመሰገንን፤ መልካም አደረግን። ነገር ግን ነገ ማለዳ ከዚህ ተራራ ወርደን ወደ የሥራችን ስንሄድ፣ በእኛ ምክንያት ከሸክሙ የሚያርፍ ማን ነው? የተወሰደበትስ የሚመለስለት ማን ነው? ልናገር የተነሣሁት ስለዚህ ነገር ነው።

እኔ ያደግሁት በቅኔ ጉባኤ ነውና ምሳሌዬን ከዚያው ላምጣ። ተማሪ ወደ ቅኔ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚቈጥረው ጉባኤ ቃናን ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ አለው። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ እየተማረ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። የጀማሪው ሁለት ቤቶች በመጨረሻው ፊደል ካልተገናኙ ግን «ቤት አልመታም» ተብሎ ይመለስበታል። የፊተኛው ቤት ምንም ያማረ ቢሆን፣ ሁለተኛው ካልመታለት ቅኔው ቅኔ አይባልም።

የክርስቲያንም ኑሮ እንደዚሁ ሁለት ቤት አለው። አንደኛው ቤት ይህ የቆምንበት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሁለተኛው የምንበላበት፣ የምንተኛበት፣ የምንነግድበት፣ ሠራተኛ የምናዝዝበት የገዛ ቤታችን ነው። በፊተኛው ቤት እንሰግዳለን፤ በሁለተኛው እንቈጣለን። በፊተኛው «ማረን» እንላለን፤ በሁለተኛው አንምርም። እንግዲህ ይህ ኑሮ ቤት የማይመታ ቅኔ ሆነ ማለት ነው። በአፋችን ያማረውን በኑሯችን ሰበርነው።

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ጥፋት ልናገር። በልጅነቴ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ በየደጁ ለምኜ ነው የተማርሁት። ከባለጠጋ ደጅ ውሻ ያባረረኝ ቀን ብዙ ነው፤ ከድኻ መበለት ደጅ ግን ባዶዬን የተመለስሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ከልጆቿ አፍ የቀነሰችውን ቁራሽ ትሰጠኝ ነበር። የማውቃት ቅኔ ሁሉ በዚያች ቁራሽ የተገዛች ናት።

ዓመታት አለፉ፤ እኔም «የኔታ» ተባልሁ። አንድ ቀን ከዚህ ተራራ ቅዳሴ አስቀድሼ ስወርድ፣ ገና የምስጋናው ቃል ከአፌ ሳይጠፋ፣ አንዲት አሮጊት እናት የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክማ ጐንበስ ብላ ስትወርድ አገኘኋት። ዋጋውን ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። እኔም ተከራከርሁ። እርሷ ሸክሟን እንደ ተሸከመች ቆማ፣ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ዘንግ ተደግፌ፣ ከጠራችው ዋጋ እኩሌታውን አስወረድኋት። በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ፤ «አባቴ፣ ሸክሙ ከጀርባዬ ሳይወርድ ዋጋው ወረደ።»

ወገኖቼ ሆይ፣ እኔ ቅኔ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ። ፊደል ያልቈጠረች ያች እናት በአንድ ቃል ቅኔዬን ሁሉ አፈረሰችብኝ። በማግሥቱ የቀረውን ገንዘብ ይዤ በዚያው መንገድ ቆምሁ፤ አላገኘኋትም። ከዚያም በኋላ አላየኋትም። የእርሷ ዕዳ እስከ ዛሬ በእኔ ላይ አለ፤ ለሌሎች እናቶች ጥቂት በጥቂት እከፍላለሁ፤ ዳሩ ግን ለእርሷ አልከፈልሁም።

ይህ ተራራ ስለዚህ ነገር የሚመሰክረው አለው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን በእንጦጦ አድርገው በነበረ ጊዜ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጭነዋል። ይህንም የቅዱስ ራጉኤልን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ እርሳቸው ናቸው። ከተማይቱ ከተራራው ወርዳ አዲስ አበባ ከተባለች በኋላ ደኑ አለቀና ማገዶ ጠፋ፤ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ይዛወር እስከ መባል ተደርሶ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ተተክሎ በፍጥነት ስላደገ ግን ከተማይቱ ከቦታዋ ሳትነቀል ቀረች። ይህን ሁሉም ይናገራል። ነገር ግን ያን ማገዶ ከዚህ ከ3,000 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ለብዙ ዘመን ያወረደው ማን ነው? የሴቶች ጀርባ ነው። ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም እየተሸከሙ፣ የዳገቱን ብርድ እየታገሡ፣ የከተማይቱን እንጀራ ያስጋገሩ እነርሱ ናቸው። እንጀራውን በልተን ጀርባዋን ከረሳን፣ ጸሎተ ማዕዳችን ጐደሎ ነው።

ሁለተኛም ወደ ተራራው ግርጌ እንመልከት። ሽሮ ሜዳ የሸማኔዎች ሰፈር ነው። ዛሬ ለበዓሉ ክብር ብለን የለበስነው ነጠላ ብዙው ጕድጓድ ውስጥ እግሩን አግብቶ፣ መወርወሪያ ሲወረውር የሚውለው ሰው የሠራው ነው። በቀጨኔ በኩል ደግሞ ሸክላ የሚሠሩ እናቶች አሉ፤ ምጣዱም፣ ጀበናውም፣ ድስቱም ከእጃቸው ይወጣል። እነዚህን ሰዎች ስንት ዘመን በሥራቸው ሰደብናቸው? «ቡዳ» እያልን ከማዕዳችን አራቅናቸው፤ ልጃችንን ለልጃቸው አንሰጥም አልን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጅ ግን እጅን ይከለክላል እንጂ ልብን አይለውጥም፤ ልብን መለወጥ የእኛ የካህናት ሥራ ነበረ። ጌታችን በአናጢ ቤት አደገ፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን ይሰፋ ነበር፤ ጴጥሮስ መረብ ይጥል ነበር። በእጅ ሥራ ሰው የሚረክስ ቢሆን ኖሮ ወንጌልን የሚያመጣልን ባልተገኘ ነበር።

እዚሁ ላይ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ክፉ ቀን በተባለው ዘመን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ፣ የቀንድ ከብት በበሽታ አልቆ የሚያርስ በሬ በጠፋ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደ ቈፈሩ ታሪክ ይነግረናል። መኳንንቱ በሥራ እንዳያፍሩ ነው። ዘውድ የጫነ ሰው ዶማ ከያዘ፣ ነጠላ የለበሰ ሰው ሸማኔውን ስለ ምን ይንቃል?

ሦስተኛም ስለ ሕመምተኞች እንናገር። ወደ እንጦጦ ጠበል ፈውስ ፈልገው ከሩቅ አገር የሚመጡ ብዙዎች ናቸው። የኤድስ በሽታ በጸናበት ዘመን ዘመድ ያባረራቸው፣ ባልንጀራ የሸሻቸው ሰዎች በዚህ ተራራ ተጠልለው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆኑ ሕመምተኛው ሁለቱንም ይዞ ይጠቀም ዘንድ አስተምረዋል። ዛሬም መድኃኒትህን ተው ብሎ የሚመክር ቢኖር የሰው ነፍስ በእጁ እንደ ሆነች ይወቅ። ዳሩ ግን ሦስተኛ መድኃኒት ደግሞ አለ፤ እርሱም ከጠበልተኛው ጋራ አብሮ መብላት ነው። ይህ መድኃኒት በእኛ በምእመናን እጅ ያለ ነው፤ የሚበዛውን ጊዜ ግን የነፈግነው እርሱን ነው።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ እንዲህ ይለኝ ይሆናል፤ «እኛ የዓለም ሰዎች ነን፤ ልጅ እናሳድጋለን፣ እንነግዳለን፤ ቅድስና ለመነኰሳት ነው።» ለዚህም መልሱን ከቅኔ አገኘዋለሁ። ወርቅ አንጥረኛው አስቀድሞ ሰሙን ቅርጽ ያወጣል፤ ወርቁንም በዚያ ቅርጽ ያፈስሰዋል። ሰም ከሌለ ወርቁ የሚያርፍበት መልክ የለውም። የዘወትር ሥራችን ሰም ነው፤ እምነታችን ወርቅ ነው። ሚዛን፣ ክንድ፣ ደመወዝ፣ ወጥ ቤት፣ የጐረቤት አጥር፣ እነዚህ ሁሉ እምነት የሚፈስስባቸው ቅርጾች ናቸው። መነኰሱ በበዓቱ የሚፈተነውን ያህል ነጋዴው በሚዛኑ ይፈተናል።

ጾማችንም እንደዚሁ ነው። ሥጋና ቅቤ ትተን የሰው ስም የምንበላ ከሆነ ሆድ ጾመ፣ አፍ ገደፈ። እመቤቲቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ ሠራተኛዋን ስትሰድብ ብትውል፣ ያች ልጅ ስለ ክርስትና የምትማረው ከቅዳሴው አይደለም፤ ከእመቤቷ አፍ ነው። ስለዚህ በየቤታችን ያለችው ሠራተኛ የክርስትናችን ምስክር ናት፤ ማንም ሳይጠይቃት ትመሰክራለች።

እንግዲህ ነገሬን ልፈጽም። ኢዮቤልዩው መለከት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ እያንዳንዳችን እስከሚመጣው መስከረም 1 ቀን፣ እስከ ቅዱስ ራጉኤል በዓል ድረስ፣ አንድ ዕዳ እንፍታ። የሠራተኛ ደመወዝ የያዘ ይክፈል። ከድኻ ላይ ዋጋ ያስወረደ ይመልስ። በሙያው የሰደበውን ሰው ይቅርታ ይጠይቅ፤ በማዕዱም ያስቀምጠው። የተጣላ ይታረቅ። እኛም ካህናት የንስሓ ልጆቻችንን ስንጠይቅ «ጾማችኋል ወይ?» ከማለት ጋራ «ከፍላችኋል ወይ?» ማለትን እንጨምር፤ አስቀድመንም ራሳችንን እንጠይቅ። እንደ እኔ ዘግይታችሁ በመንገድ ዳር የምትቆሙ አትሁኑ፤ ባለ ዕዳችሁ ሳለች ክፈሏት።

ያን ጊዜ የፊተኛው ቤትና የኋለኛው ቤት ይገናኛሉ፤ ኑሯችንም ቤት ይመታል።

አምላከ ቅዱስ ራጉኤል ለሠሪው ጤናን፣ ለሸክም ተሸካሚው ዕረፍትን፣ ለሕመምተኛው ፈውስን፣ ለሁላችንም ልብን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።