ፀሐይ ሳለ የሮጠ ሰው

«ፀሐይ ሳለ ሩጥ፤ አባት ሳለ አጊጥ» ይላል ያገራችን ምሳሌ። ዛሬ የምናወሳው ሰው ግን ገና በልጅነቱ አባቱን ስላጣ፥ ከምሳሌው የደረሰው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነበረ። ይኸውም አልበርት ስፖልዲንግ የተባለው አሜሪካዊ ነው።

ስፖልዲንግ በኢሊኖይ ግዛት ተወለደ። አባቱ ከሞተ በኋላ ሮክፎርድ ወደምትባል ከተማ ተልኮ ሲኖር፥ ልጆች ቤዝቦል የተባለውን በዱላ የሚመታ የኳስ ጨዋታ ሲጫወቱ ከሜዳው ዳር ሆኖ ይመለከት ነበር። አንድ ቀን ኳስ ወደ እርሱ ብትመጣ በአንድ እጁ ቀልቦ መለሳት፤ በዚህም ምክንያት ወደ ጨዋታው እንደ ገባ ኋላ ራሱ ጽፎአል።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1867 ዓ.ም. የሮክፎርድ ወጣቶች ዝነኛውን የዋሽንግተን ቡድን 29 ለ23 ሲያሸንፉ ኳስ ወርዋሪው እርሱ ነበረ። ከ1871 ዓ.ም. ጀምሮም በቦስተን ተጫወተ። ቡድኖች በእግር ሹራባቸው ቀለም ይታወቁ ስለ ነበር፥ የቦስተኑ «ቀይ ካልሲዎች» ይባል ነበር።

በ1876 ዓ.ም. ወደ ቺካጎ ተዛውሮ በአንድ ዓመት 47 ግጥሚያዎችን አሸነፈ። ዝናው ከፍ ባለበት በዚያው ዓመት ከወንድሙ ጋር የስፖርት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ከፈተ። ክንዱ እስኪዝል አልጠበቀም።

በዚያ ዘመን ብዙዎች ያችን ጠንካራ ኳስ የሚቀልቡት በባዶ እጃቸው ነበረ። መዳፍ ቢያብጥ፥ ጣት ቢሰበር እንኳ ጓንት ማድረግ እንደ ፍርሃት ይቆጠር ነበር። ስፖልዲንግ በ1875 ዓ.ም. አንድ ተጫዋች እንዳይታወቅበት የሥጋ መልክ ያለው ጓንት አድርጎ አየ። ቢጠይቀው ሰውየው ማፈሩን ሳይደብቅ፥ እጁን ለመጠበቅ ያደረገው መሆኑን ነገረው። ስፖልዲንግ ግን በ1877 ዓ.ም. ማንም የሚያየውን ጥቁር ጓንት አጥልቆ ወደ ሜዳ ወጣ። ተመልካቹም ከመሳቅ ይልቅ አዘነለት።

ጓንት ሻጭ ነውና ለትርፉ ያደረገው ነው የሚል አይታጣም፤ ሐሰትም ላይሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ከእርሱ በኋላ ስንት መዳፍ ከስብራት ዳነ!

ስፖልዲንግ በ1878 ዓ.ም. ገና በወጣትነቱ ከተጫዋችነት ተሰናበተ። ሱቁ ግን አደገ፤ ኳስ፥ ዱላ፥ ጓንትና የስፖርተኞች ሹራብ የሚሸጥ ታላቅ ድርጅት ሆነ። ባለቤቱ በ1915 ዓ.ም. ቢሞትም ስሙ ዛሬም በኳስ ላይ ታትሞ ይታያል።

ክቡራን አድማጮች፤ እኛም በየቢሮአችን የተቀመጥንበት ወንበር የዕድሜ ልክ ርስታችን አይደለም። ጉልበትና ሹመት ሳይለዩን ሌላ ሙያ መያዝ፥ በጥቅሙ ስላመንንበት ነገርም አለማፈር ከዚህ ሰው የምንቀስመው ትምህርት ነው።