ላስቲክ ፕላስተርና የጡንቻ ኃይል



የፋኩልቲዎች ውድድር በቀረበ ቁጥር በየጭኑና በየትከሻው ባለቀለም ላስቲክ ፕላስተር ይበዛል። ኃይል ይጨምራል ይባላል፤ እውን ይጨምራልን?

ፕላስተሩን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ የፈጠሩት ኬንዞ ካሴ የተባሉ ጃፓናዊ ናቸው። ዓለም በሰፊው ያየው ግን በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ፣ በአሜሪካዊቷ የአሸዋ መረብ ኳስ ተጫዋች በኬሪ ዋልሽ ትከሻ ላይ ነው።

በ2015 የሆንግ ኮንግ አጥኚዎች ስለ ፕላስተሩ ለማያውቁ ጤነኞች እውነተኛውን ምክንያት ሳይነግሩ ለጥፈው የእግራቸውን ኃይል ለኩ፤ ቢለጠፍም ባይለጠፍም ልዩነት አልተገኘም። በዚያው ዓመት 19 ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራም በጤነኛ ሰው ጡንቻ ላይ የረባ ለውጥ አላየም። ጡንቻን የሚያዝዘው ነርቭ፣ የሚያጠነክረው ልምምድ፣ ምግብና ዕረፍት ነውና አያስደንቅም።

ለጥፎ ልቡ የሚሞላለትን አንከለክልም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ጉልበቱ ያበጠ ወንድማችን «ለጥፌአለሁ» ብሎ ሜዳ ቢገባ፣ በጊዜው ሊድን የሚችለው ጉዳት የዕድሜ ልክ ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ ጤነኞቻችን ጥቂቷን ገንዘባችንን ለፕላስተር ከማፍሰስ ይልቅ ለልምምድ ማልደን እንነሣ፤ የተጎዳውንም ወደ ወጌሻውና ወደ ሐኪሙ እንላከው።