ቅጠል ላይና ከቅጠል በታች
(በነፋስ ስልክ ላፍቶ በተካሄደው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣ ውድ የአለማያ ልጆች፣

አዘጋጆቹ «ስለ ሥራህ ንገረን፣ ግን ላቲን አታብዛብን» ብለውኛል። ስለዚህ ከሰፈሩ ስም ልጀምር። «ነፋስ ስልክ» አባቶቻችን ያለ ሽቦ የሚሄደውን ስልክ የጠሩበት ስም ነው። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁባቸው ፈንገሶችም መልእክታቸውን የሚልኩት በነፋስ ነው። የስንዴ ዋግ ብናኝ ከአንድ ቅጠል ይነሣል፤ ድንበር ተሻግሮ ሌላ ማሳ ላይ ያርፋል።

በእኛ ቤት ይህ ሥራ አዲስ አይደለም። ስቴዋርትና ዳኛቸው ይርጉ የኢትዮጵያን የዕፀዋት በሽታዎች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1967 በኮሌጃችን የደብረ ዘይት ጣቢያ አሳትመዋል። በዚያች ቀጭን መጽሐፍ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ መስመር አንድ ሰው ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የቀጠፈው ቅጠል ነው።

አሁን አንድ ጥፋቴን ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ አገሩን ሲያዳርስ አርሲ ነበርኩ። ኩብሳ የተባለውን ስንዴ የዘሩ አንድ አዛውንት ማሳቸው ውስጥ አቁመው «ልጄ፣ ልርጨው ወይስ ልተወው?» አሉኝ። ቢጫ ዋግ መሆኑን በዓይኔ ዐውቄዋለሁ። ነገር ግን የበሽታው ዝርያ በላቦራቶሪ ሳይለይ መናገር ከሳይንስ ውጪ መሰለኝ። ቅጠሉን በፖስታ አሽጌ «ውጤቱ ሲደርስ እንነግርዎታለን» አልኳቸው። ውጤቱ ሲደርስ ማሳው ደርቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን እዚያው፣ ያንኑ ቀን እናገራለሁ፤ የማላውቀውን ብቻ ለላቦራቶሪ አቆያለሁ።

ታዲያ ነገሩ በዚያ አላበቃም። በኩብሳ ፋንታ ዲገሉ ተስፋፋ፤ ቢጫ ዋግን ይቋቋም ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ባሌና አርሲ ውስጥ ዲገሉን የግንድ ዋግ መታው። አገር ሁሉ አንድ ዓይነት ዘር ሲዘራ ፈንገሱ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ጫካችን ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። የቡና ቅጠል ዝገት እ.ኤ.አ. በ1869 ሲሎን ላይ ታይቶ የቡና እርሻዋን ስላጠፋ አገሪቱ ወደ ሻይ ዞረች። በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ዝገቱም አለ፣ ቡናውም አለ። ቅጠሉን ገልብጣችሁ ብታዩ ብርቱካናማው ዝገት ላይ ነጭ ሻጋታ ታገኛላችሁ፤ ዝገቱን የሚበላ ሌላ ፈንገስ ነው። የበሽታው ጠላት እዚያው ከበሽታው ጋር ይኖራል ማለት ነው። ጥላ ዛፉንና ደኑን ስናነሣ ይህን ዘበኛ ጭምር እንዳናባርር እፈራለሁ።

ከቅጠል በታችስ? ጤነኛ የሚመስል ለምለም ቅጠል ውስጥ ራሱ ምንም ጉዳት ሳያደርሱ የሚኖሩ ፈንገሶች አሉ። ቅጠሉ ሲረግፍ ከመጀመሪያዎቹ በላተኞች መካከል እነሱ ይገኛሉ። ከዚያ ሌሎች ይከተላሉ፤ እንጨት የሚያጠነክረውን ሊግኒን እንኳ የሚፈቱ አሉ። ያለ እነሱ የወይራውና የዋንዛው ርጋፊ እንደ ጭድ ይከመር ነበር፣ አፈሩም ይራብ ነበር። ማየት ከፈለጋችሁ ማይክሮስኮፕ ሳትገዙ ጀምሩ፦ የረገፈ ቅጠል እርጥብ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጸጉር የመሰለ ነገር ይወጣበታል። የልጅ ልጆቼ «አያያ፣ ቅጠሉ ጢም አወጣ!» ይሉኛል።

እንግዲህ ልመናዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በየቤታችሁ ካርቶን ውስጥ ከድሮ የመስክ ሥራ የቀረ ደረቅ ናሙና ያላችሁ፣ ቦታና ቀን የተጻፈበት ከሆነ፣ እባካችሁ አትጣሉት። አሁን ከደረቀ ቅጠል ዲ.ኤን.ኤ. ማውጣት ይቻላል፤ ዛሬ ያለው በሽታ ያኔ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ሊመሰክርልን ይችላል። እኔ ጡረታ ልወጣ ነው፤ የእኔን ሣጥኖች የሚረከብ ወጣት እየፈለግሁ ነው። መምህራን ሆይ፣ አንድ ተማሪ ስጡኝ።

ሁለተኛ፣ ላፍቶም ሆነ ጀሞ፣ ግቢ ያላችሁ በየጠዋቱ ቅጠል ጠርጋችሁ አታቃጥሉ። አንድ ጥግ ላይ ክመሩት። ቀሪውን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው፤ ደመወዝም አይጠይቁም።

ለከርሞ በሰላም ያገናኘን።