የአያት ዱካ በመዝገብ ላይ

የዛሬው ርዕሳችን የዘር ሐረግ ፍለጋ ነው።

እኛ ሰባት ትውልድ በቃል እንቆጥራለን። አሜሪካ ውስጥ ግን የዘር ሐረግ በብዛት የሚፈለገው በመዝገብ ነው። እንዴት? የጠፋ በሬ እንደሚፈለገው። ባለቤቱ ዘሎ ጫካ አይገባም፤ ከበረቱ ደጃፍ ተነስቶ ዱካ በዱካ ይከተላል። እዚህም መነሻው ራስ ነው። የልደት መዝገብ የወላጆችን ስም ይሰጣል። ከዚያ የእነሱ የጋብቻ መዝገብ ይቀጥላል። ቀጥሎ የሕዝብ ቆጠራ አለ፤ በየ10 ዓመቱ ማን ከማን ጋር እንደኖረ ያሳያል። የሰዎቹ ስም ግን 72 ዓመት ሳይሞላ ለሕዝብ አይከፈትም።

ታዲያ ዱካው ድንጋይ ላይ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. የ1890 ቆጠራ ወረቀት፣ ከእሳት ቃጠሎ በኋላ፣ ከጥቂቱ በቀር የለም። የጥቁር አሜሪካውያን ፍለጋ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. ከ1870 በፊት በባርነት የነበሩ ሰዎች ስማቸው በቆጠራ አይጻፍም ነበር ማለት ይቻላል። እንደ ዕድሜና ጾታ ያሉ ዝርዝሮች ብቻ፣ ያውም በጌታው ስም ሥር! ስለዚህ የዘር ሐረግ ፈላጊው የጌታውን ኑዛዜና የንብረት ዝርዝር ያገላብጣል። ቅድመ አያቱን ከፈረስና ከማረሻ መሃል ሊያገኛት ይችላል።

እና ልብ በሉ፦ ቆጠራው በብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ልደትና ጋብቻው ግን በየክፍለ ግዛቱ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ከሰውየው በፊት ቦታውን እወቁ።